ጠጠር፣ ጨርቅና ጨው፦ የመኪና ቀለም በስሜን መንገድ

ከጎንደር ተነስቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ደባርቅ የሚገባ መኪና መቶ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄደው በአስፋልት ነው። የቀለም ጭንቀት የሚጀምረው ከዚያ ወዲያ ነው። በቡይት ራስና በሳንቃበር አልፎ ጨነቅ የሚደርሰው መንገድ ኮረኮንች ነው። ጨነቅ ከባሕር ወለል በላይ 3,620 ሜትር ላይ ትገኛለች፤ መንገዱ ከእሷም አልፎ ቧሂትን ከ4,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ተሻግሮ ወደ ጃናሞራ ይወርዳል። በሌላው ወገን ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የጠረቡት ሊማሊሞ አለ፤ መኪናውን በጥምዝምዙ እያሽከረከረ ወደ ዛሪማና ወደ ተከዜ ቆላ ያወርደዋል። ለጥምቀት ጎንደር መጥቶ «ስሜንን ሳላይ አልመለስም» ያለ ባለ ቪ8 በአንድ ጉዞ ብቻ ጠጠሩንም፣ አቧራውንም፣ የደጋውን ፀሐይም፣ የሌሊቱን ውርጭም ይቀምሳል።

የቀለም ነገር የሀብታም ቅብጠት ነው የሚል አይጠፋም። እኔ አይመስለኝም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ግብር ጣለ፤ ከ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖችን ማስገባት ተከለከለ። ከዚያ በፊትም ቢሆን አገራችን ውስጥ መኪና ከመጓጓዣነቱ ይልቅ ተቀማጭ ገንዘብ ነበር። ሌላው አገር በአምስት ዓመት የሚሸጠውን እኛ ለልጅ እናወርሳለን። ሊሸጥ ሲወጣ ደግሞ ገዢው ስለ ሞተሩ ከጠየቀ በኋላ የሚያነሳው ጥያቄ የታወቀ ነው፦ «ቀለሙ የፋብሪካ ነው ወይስ ተቀብቷል?» ጠንቃቃው ገዢ የቀለም ውፍረት መለኪያ ይዞ ይመጣል፤ መሣሪያው ከተለመደው በላይ ካነበበ ከሥሩ ስቱኮ አለ ማለት ነው፣ ዋጋውም ይወርዳል።

መለኪያው የሚያነበው ምንድን ነው? የፋብሪካ ቀለም አንድ ቅብ አይደለም። ከብረቱ ጋር የተጣበቀው ዝገት የሚከላከለው ሥረ ቅብ ነው፤ በእሱ ላይ ማለስለሻው፣ ከዚያ እኛ የምናየው ቀለም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀለም የሌለው አንጸባራቂ ሽፋን ይመጣል። አራቱ አንድ ላይ ቢደመሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ቢሆኑ ነው፤ የላይኛው አንጸባራቂ ሽፋን ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ ብቻ ነው፣ ከአንድ የራስ ፀጉር ይሳሳል። «ጭረት አጠፋለሁ» ብሎ በማሽን ፖሊሽ የሚያደርግ ሁሉ የሚቀንሰው ከዚችው ላይ ነው። ስለዚህ ፖሊሽ መድኃኒት ሳይሆን ቁጠባን አውጥቶ መብላት ነው፤ በመኪናው ዕድሜ ጥቂት ጊዜ ይፈቀዳል እንጂ በየበዓሉ አይደረግም።

ወደ ጠጠሩ እንምጣ። ጠጠር ቀለም የሚያነሳው ከክብደቱ ይልቅ በፍጥነቱ ነው። የምቱ ኃይል በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ይሄድ የነበረ ሾፌር ወደ 30 ሲቀንስ ኮፈኑ ላይ የሚያርፈው ምት በግማሽ አይደለም የሚቀንሰው፤ ወደ ሩብ ይወርዳል። ከፊት ያለ መኪና ጎማ ወደ ኋላ የሚያስፈነጥረው ጠጠር ደግሞ የራሱን ፍጥነት በተከታዩ ፍጥነት ላይ ይጨምራል። በዚህ ረገድ አደገኞቹ የኋላ ጎማቸው ድርብ የሆነ አይሱዙና ሲኖትራክ ናቸው፤ በሁለቱ ጎማዎች መካከል ጠጠር ይሰነቀርና ፍጥነት ሲጨምር ይወረወራል። ከሳንቃበር በታች ባለው ጠባብ መንገድ እህል ወይም ሲሚንቶ የጫነ አይሱዙ ተከትሎ የሚሄድና ልቅደም እያለ የሚጠጋ ሾፌር፣ አዲስ አበባ ሄዶ የትኛውንም ውድ ሽፋን ቢያስለብስ ዋጋ የለውም። ቆም ብሎ አቧራው እስኪበን መጠበቅ ከሁሉም ርካሽ መከላከያ ነው። ሾፌሮቻችን ግን መቆምን እንደ መሸነፍ ይቆጥሩታል።

ሌላው የማይታሰብ ነገር ብርድ ነው። የላይኛው ሽፋን ፕላስቲክ ነው፤ ሲበርደው ይደርቃል፣ ሲደርቅ በቀላሉ ይሰነጠቃል። ጨነቅ ላይ በበጋ ሌሊት ሙቀቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ዋልያ ለማየት ገና ጎህ ሲቀድ ሞተር አስነስቶ በኮረኮንቹ የሚፈተለክ መኪና፣ ያንኑ ጠጠር ከቀትር በኋላ ቢያገኘው ከሚጎዳው በላይ ይጎዳል። ሰዎች የሚረሱት ሦስተኛው ደግሞ መኪናው ራሱን የሚደበድብ መሆኑ ነው፦ የፊት ጎማ የሚያስፈነጥረው ጠጠር የራሱን የበር ሥርና የኋላ ፓራፋንጎ ያቆስላል። ከጎማ በስተኋላ የሚንጠለጠለው የላስቲክ ጭቃ መከላከያ ይህን በብዙ ይቀንሰዋል። «የጭነት መኪና አስመሰለው» ብለው የሚያወልቁት ባለ ቅንጡ መኪኖች ከቧሂት ሲመለሱ የበሩን ሥር ጎንበስ ብለው ይዩት።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ፣ ጠጠር ዋናው ጠላት አይደለም እላለሁ። ጠጠር የሚያነሳው ነጥብ ነው፤ ነጥብ ይቆጠራል፣ ይደፈናል። ቀለሙን ጠቅላላ የሚያደበዝዘው ጨርቅ ነው።

የስሜን ተራሮች ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ በባሳልት የተሠሩ ናቸው። በበጋ ከመንገዱ የሚነሳው አቧራ የዚሁ ድንጋይ ዱቄት አለበት፤ በውስጡ ያሉት ማዕድናት ከመኪናው አንጸባራቂ ሽፋን እጅግ ይጠነክራሉ። አቧራው ኮፈኑ ላይ አርፎ ዝም ካለ ጉዳት የለውም። ጉዳቱ የሚመጣው ጠዋት ሾፌሩ ወይም የሆቴሉ ጥበቃ ደረቅ ጨርቅ ይዞ በታማኝነት ሲወለውለው ነው። እያንዳንዱ ውልወላ በድንጋይ ዱቄት መሞረድ ነው። ጥቁር ወይም ሰማያዊ መኪና በፀሐይ ላይ ሲቆም ክብ ክብ እየሠራ የሚታየው የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት ከኮረኮንቹ አልመጣም፤ ከፍቅር የመጣ ነው። ሕፃናት በአቧራው ላይ በጣታቸው የሚጽፉት ስምም እንዲሁ ነው፤ አቧራው ሲታጠብ ጽሑፉ በቀለሙ ላይ ይቀራል። ልጆቹን ከመቆጣት በፊት ግን መኪናውን በየቀኑ በጨርቅ የሚሞርደው ማን እንደሆነ መጠየቅ ይገባል።

የመኪና ልብስ የሚሉት ሸራም ከዚሁ ወገን ነው። ጋራዥ ውስጥ ለቆመ መኪና መልካም ነው። ነፋስ በማይተኛበት በደባርቅ ግቢ ግን አቧራማ መኪና ላይ ከተጣለ ሌሊቱን ሙሉ እየተርገበገበ ይፍቀዋል።

አስተጣጠቡ ራሱ ሌላ ችግር ነው። ብዙ ላቫጆ ቤት አንድ ባልዲ፣ አንድ ስፖንጅና ኦሞ ይበቃል ተብሎ ይታመናል፤ ስፖንጁ መሬት ይወድቃል፣ ጎማ የታጠበበት ጨርቅ ወደ ኮፈኑ ይወጣል። ኦሞ የተሠራው ለልብስ ቅባት ነው፤ መኪናው ላይ የተቀባውን ሰም ጠርጎ ይወስዳል። ትክክለኛው ሥርዓት ውድ አይደለም። አስቀድሞ ምንም ሳይነኩ ከላይ ወደ ታች በብዙ ውኃ ማርጠብና አቧራውን ማውረድ፤ ከዚያ በሁለት ባልዲ፣ አንዱ ለሳሙና አንዱ ጨርቁን ለማጥራት፣ በለስላሳ ማይክሮፋይበር ጨርቅና በመኪና ሻምፖ ማጠብ፤ ጎማውን በሌላ ጨርቅና በመጨረሻ። ደባርቅ ላይ ውኃ በጠፋበት ቀን ደግሞ አንድ አዲስ የሰብል መድኃኒት መርጫ ገዝቶ ንጹሕ ውኃ ሞልቶ መንፋት ይቻላል፤ አሮጌው መድኃኒት ያለበት ስለሆነ አይሆንም። ጥቂት ሊትር ውኃ በደንብ ከተነፋ የባልዲ ሙሉ ውኃ ያህል ሥራ ይሠራል። ውኃው ጨርሶ ከሌለ መኪናው ቆሻሻ ሆኖ ይቆይ። ቆሻሻ መኪና የሚያሳፍር ቢመስልም ከተሞረደ መኪና ይሻላል።

ፀሐይን በአጭሩ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ጨነቅ ላይ እንግዲህ ከባሕር ዳርቻው ከሲሶ በላይ የበለጠ ጨረር ይወርዳል። ይህ ጨረር የላይኛውን ሽፋን ቀስ በቀስ ይበላዋል፤ ጣሪያውና ኮፈኑ መጀመሪያ ይነጣሉ፣ ከዚያ ይላጣሉ። ነጭ ቀለም ጭረትን ይደብቃል፣ ሙቀትም ይቀንሳል፤ ግን እሱም አይድንም። ቶዮታ ራሱ 040 እና 070 በሚባሉት ነጭ ቀለሞቹ በተቀቡ አንዳንድ መኪኖች ላይ ፀሐይ ቀለሙን ከብረቱ እንደሚያላቅቅ አምኖ አሜሪካ ውስጥ የጥገና ዋስትናውን አራዝሟል። ጥላ ሥር ማቆም ጥሩ ነው፤ ጥላው ወፍ የሚሰፍርበት ዛፍ ከሆነ ግን የወፍ ኩስ ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ይነሳ፤ ፀሐይ ካጋለው ቀለሙን ይበላል።

ጨው የሚለው ቃል ብዙ አንባቢ ግር ሊለው ይችላል፤ ስሜን ውስጥ ምን ጨው አለ? ሚኒሶታ ወይም ቶሮንቶ ያለ ወንድም ወይም እህት በስልክ «ሥሩን ዝገት መከላከያ አስቀባ» ሲል የሚያስበው በክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነውን ጨው ነው። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ልማድ የለም። ጨውና ስሜን ግን ድሮም ይተዋወቃሉ፤ አሞሌው ከአፋር በግመል፣ ከዚያ በበቅሎና በአህያ ወደ ደጋው ሲወጣ ኖሯል። በእኛ ዘመን መንገዱን በተቃራኒው የሄዱት የጎብኚ ላንድክሩዘሮች ናቸው። የሰሜኑ ጉዞ ዙር ደህና በነበረ ጊዜ አንዱ መኪና ጎብኚዎቹን ከጨነቅ ይዞ በሊማሊሞ ይወርድና በአክሱምና በመቀሌ አድርጎ አፋር ውስጥ ሐመድ ኤላና ዳሎል ይደርስ ነበር፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ካለ ውርጭ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ወዳለ የጨው ሜዳ። በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት፣ ከ2015 ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል ያለው ግጭት ይህን ዙር ሰበረው። መኪኖቹ ግን አሉ፤ ብዙዎቹም እጅ ለውጠው ደባርቅና ጎንደር ይሠራሉ። ገዢ ሲያያቸው ቀለማቸው ያበራል፤ ከሥር ያለው ብረት ግን ሌላ ታሪክ ያወራል።

ምክንያቱ ይህ ነው። ጨው ጤነኛ ቀለምን አይበሳም። ቀለሙ የተነሳበት ነጥብ፣ የተላጠ የበር ሥር፣ የተፋቀ ሻንሲ ይፈልጋል። ጠጠሩ በሩን ይከፍታል፣ ጨው ይገባል። በዚያ የጨው ሜዳ ባለው በአሳሌ ሐይቅ ላይ የተነዳ መኪና ሥሩና የጎማ ጓዳዎቹ በጨው ውኃ ይለበጣሉ፤ ውኃው በሙቀቱ ቶሎ ይደርቅና ነጭ ዱቄት ይቀራል። ደረቅ ጨው ብዙ አይጎዳም። የምግብ ጨው ከአየሩ እርጥበት መሳብ የሚጀምረው የአየሩ እርጥበት 75 በመቶ ገደማ ሲደርስ ነው፤ በዳሎል ጨው ውስጥ ያለው የማግኒዚየም ጨው ግን ከ35 በመቶ በታችም ይረጥባል። ስለዚህ መኪናው የሚዝገው አፋር ውስጥ እያለ ብቻ አይደለም፤ ተመልሶ ደጋ ወጥቶ፣ በክረምቱ ጉም ውስጥ፣ ደባርቅ ግቢ ቆሞ ሳለ ነው። ሾፌሩም «ከአፋር ደህና ተመለስኩ» ብሎ ረስቶታል።

መፍትሔው ግልጽ ነው፦ ከጨው ሜዳው በወጡበት ቀን፣ ዳገት ከመያዝ በፊት፣ ሥሩን በብዙ ንጹሕ ውኃ ማጠብ። በተለይ የጎማ ጓዳዎቹን፣ የበሮቹን ሥር ቀዳዳዎችና የሻንሲውን ውስጥ። ከላይ አጥቦ ከሥር መተው ሙሽራን ኩሎ እግሯን እንደ መርሳት ነው። ሌላ የሚዘነጋ የጨው ምንጭም አለ፤ ወደ አገራችን የሚገባ መኪና ሁሉ ማለት ይቻላል በጅቡቲ ወደብ የባሕር አየር ሲመታው ይቆያል፣ ከአውሮፓ ያገለገለ ሆኖ የመጣ ደግሞ የብዙ ክረምት ጨው በሻንሲው ውስጥ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ያገለገለ መኪና ስትገዙ ከኮፈኑ በፊት ጎንበስ ብላችሁ ሥሩን እዩ።

ከታጠበ በኋላ ሥሩን በናፍጣ ማስረጨት ብዙ ላቫጆ ቤት የሚሠራ ልማድ ነው። ለአንድ ቀን ያብረቀርቃል፤ ከዚያ አቧራ ይሰበስባል፣ ጎሚኒዎቹንና ሌላውንም ላስቲክ ያበላሻል። የተቃጠለ ዘይትም ከዚህ አይሻልም፤ መሬቱንም ይመርዛል። ለሥር የሚሆነው በሰም ወይም በላኖሊን የተሠራ ዝገት መከላከያ ነው፤ እሱም በደረቀና በጸዳ ብረት ላይ ብቻ። ጨው ያለበትን ብረት መሸፈን ጨውን ከነእርጥበቱ መቅበር ነው።

አሁን ገበያው የሚያቀርበውን የቀለም መከላከያ እንመልከት፤ አዲስ አበባ ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪኖች ከበዙ ወዲህ ይህ ንግድ ደርቷል። ሰም ከሁሉም ጥንታዊው ነው፤ ርካሽ ነው፣ ውኃ ያንሸራትታል፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ያልቃል። ሴራሚክ የሚሉት ሽፋን ከሲሊከን ውሁድ የተሠራና በጥቂት ማይክሮን የሚለካ ነው። አቧራና ጭቃ ቶሎ እንዲለቅ ያደርጋል፣ የወፍ ኩስና ኬሚካል ለተወሰነ ጊዜ ይመክታል። ጠጠር ግን አያቆምም። «9ኤች ጥንካሬ አለው» የሚለው ማስታወቂያ ሰው ያሳስታል፤ 9ኤች የእርሳስ መለኪያ ቁጥር እንጂ የማዕድን ጥንካሬ መለኪያ አይደለም። ያ ሽፋን ያለበትን ኮፈን የስሜን አቧራ በደረቅ ጨርቅ ቢታሽበት እንደ ሌላው ሁሉ ይጭረዋል። ጥሩ ነገር ነው፤ የሚሸጡት ሰዎች የሚሉትን ያህል ግን አይደለም።

ጠጠርን በእውነት የሚያቆመው ፊልሙ ነው፤ ገበያው ፒፒኤፍ ይለዋል። ከ150 እስከ 200 ማይክሮን የሚሆን ግልጽ የፖሊዩሬቴን ንጣፍ ነው፤ መነሻውም በቬትናም ጦርነት ዘመን የአሜሪካ ሄሊኮፕተሮችን ተሽከርካሪ ክንፍ ከአሸዋና ከፍርስራሽ ለመከላከል የተሠራ ፊልም ነው። ምቱን በመለጠጥ ይቀበላል፣ ጥሩው ዓይነት ቀላል ጭረትን በፀሐይ ሙቀት ራሱ ይመልሳል። ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። አንደኛ፣ ገበያው ውስጥ በፒቪሲ የተሠራ ርካሽ ፊልም በዚሁ ስም ይሸጣል፤ እሱ በደጋ ፀሐይ ቶሎ ይቢጫል፣ ይደርቃል፣ ሲነሳም ሙጫው ይቀራል። ፊልሙ ቲፒዩ፣ ማለትም ፖሊዩሬቴን፣ መሆኑን በጽሑፍ ያላረጋገጠላችሁን ነጋዴ አልፋችሁ ሂዱ። ሁለተኛ፣ በባትላሜራ ቤት እንደገና የተቀባ ኮፈን ላይ ፊልም ከተለጠፈ፣ ፊልሙ ሲነሳ ቀለሙን ይዞ ሊነሳ ይችላል። የፋብሪካ ቀለም ከ140 ዲግሪ ገደማ በላይ በሆነ ሙቀት የተጋገረ ነው፤ የጋራዥ ቀለም ያን ሙቀት አያገኝም።

መኪናውን በሙሉ ማስለበስ ለእኛ መንገድ ብዙውን ጊዜ ብክነት ነው። የፊት ፓራውልት፣ ኮፈኑ፣ የፊት ፓራፋንጎዎች፣ የመስታወቶቹ ጀርባ፣ የበሮቹ ሥርና የኋላ ፓራፋንጎ ፊት ከተሸፈኑ ጠጠሩ የሚያገኘው አብዛኛው ቦታ ተሸፍኗል። ከፋብሪካ የመጣውን ነጭ የጉዞ ላስቲክ «ይጠብቅልኝ» ብሎ ለወራት የሚተው ሰው ደግሞ ነገሩን ገልብጦታል። ያ ላስቲክ ለመርከብ ጉዞ የታሰበ ነው፤ ፀሐይ ላይ ከቆየ ሙጫው ከቀለሙ ጋር ይጋገራል። በጥር ሰርግ ወቅት የሙሽራ መኪና ላይ አበባና ሪባን የሚያጣብቁበት ፕላስተርም እንዲሁ ነው፤ በዕለቱ ማታ ካልተነሳ ምልክቱ ከሙሽርነቱ ይረዝማል።

ጠጠር ያነሳው ነጥብ ሲታይ ችላ አይባል፤ ሾፌሮቻችን የጥፍር ቀለም የሚቀቡት ልምድ ጨርሶ ሞኝነት አይደለም፣ እርጥበት ያግዳል። የተሻለው ግን የመኪናውን የቀለም ቁጥር ከበሩ ምሰሶ ወይም ከሞተር ክፍሉ ሰሌዳ አንብቦ ማስቀመም፣ ዝገት ካለ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ማንሳት፣ ሥረ ቅብ፣ ቀለም፣ ከዚያ አንጸባራቂውን በቀጭን ብሩሽ መንካት ነው። ይህ ሁሉ ከሰኔ በፊት ይለቅ። በክረምት የተደፈነ ነጥብ እርጥበት አፍኖ ይይዛል።

ገንዘቡ በቅደም ተከተል ይውጣ ካላችሁኝ፣ መጀመሪያ ለውኃና ለንጹሕ ጨርቅ፣ ቀጥሎ ለጭቃ መከላከያና ለሥር ዝገት መከላከያ፣ ከዚያ ለፊቱ ፊልም፣ ትርፍ ካለ ለሴራሚክ። አብዛኛው ባለ መኪና የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ለሴራሚክ ይከፍልና ማግስቱን መኪናውን ለደረቅ ጨርቅ አሳልፎ ይሰጠዋል።

አንድ ነገር ለሾፌሮችና ለአስጎብኚዎች ልበል። መኪናችሁን በጨነቅና በሳንቃበር ጅረቶች አትጠቡ። ፓርኩ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ የተመዘገበው ከነውኃው ነው፤ ያን ውኃ ዋልያውም፣ ጭላዳውም፣ ከታች ያለው ገበሬም ይጠጣዋል። አቧራውን ይዛችሁ ደባርቅ ውረዱ፤ እዚያ እጠቡት።